ለቅጣቱ እንሰለፋለን፣ ከማዕዱ እንሸሻለን

ደብረ ብርሃን ላይ እሁድ ጠዋት ወደ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ ሕዝቡን ሦስት ቦታ ታገኙታላችሁ። ውስጥ ገብቶ የሚያስቀድስ አለ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ወይ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆም አለ። ሦስተኛው ከቅጥሩ ውጪ ነው። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተጠቅልሎ፣ ግንቡን ተሳልሞ፣ እዚያው ይቆማል። ሥጋ ወደሙ፣ ማለትም ቁርባኑ፣ ሲወጣ ቀድሞ የሚሄደውም እሱ ነው።

ስለ ሦስተኛው ሰው ልጻፍ። ውጪ የሚቆመው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ለዚያ ቀን ብቻ የሚያስቀረው ምክንያት አለው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል። ሌላው ግን እዚያ ከቆመ ዓመታት አልፈውታል። ለምን አትገባም ብትሉት "እኔ ምን ፊት አለኝ?" ይላችኋል። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። እኔ ግን ሁልጊዜ ትሕትና ነው ብዬ አላምንም። (የራስህስ እንዳትሉኝ። የራሴን ለነፍስ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ እዚህ አልደግመውም።)

ይሄ ሰው በዓመት አንድ ቀን ግን ሳያንገራግር ይገባል። ስቅለት ዕለት። ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ ይውላል። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ሲባል ድምፁ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ማምሻውን ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ሲቆሙ ሰልፉን አይታችሁታል? ባለ ባጃጁ አለ፣ ተማሪው አለ፣ ነጋዴው አለ፣ ሌላ ጊዜ በዚያ በር አልፎ የማያውቀው ጎረምሳ ሁሉ አለ። ጀርባውን በወይራው ቸብ ቸብ ይደረግና የሚሰግደው ይነገረዋል። "አባ ይጨምሩልኝ" የሚል ሁሉ ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ ሌሊት ያው ሰው ጧፍ ይዞ የትንሣኤን ቅዳሴ ይቆማል። ጥሩ። ለመቁረብ ሰዉ ሲጠጋ ግን ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቤቱ ሄዶ ዶሮውን ይበላል። የክርስቶስን ስቃይ አብሮ ተሰቃይቶ፣ የክርስቶስን ማዕድ ሳይቀምስ በዓሉ ያልፋል።

ይሄ ነገር ቆይቶ ነው የገባኝ። እኛ ቅጣት አያስፈራንም። ቅጣትን እናውቀዋለን፣ ለምደነዋል፣ እንዲያውም ይቀለናል። የሚከብደን ተቀመጥና ብላ መባል ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ የደብረ ብርሃን ሰው በደንብ ይገባዋል። ጴጥሮስ ጌታውን የካደው እሳት እየሞቀ ነው። ብርድ ስለነበር ሎሌዎቹ ፍም አንድደው ይሞቁ ነበር፣ እሱም አብሯቸው ቆሞ ይሞቅ ነበር ይላል ምዕራፍ 18። ኅዳር ላይ እዚህ ከተማ ውጪ ያደረ ሰው፣ ሲነጋ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያየ ሰው፣ ከዘበኛ ፍም መጠጋት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ብርዱ የማንንም እሳት ያስጠጋል። እሳት ዳር ደግሞ ሰው መጠያየቁ አይቀርም።

ጴጥሮስ ፈሪ አልነበረም። በዚያው ሌሊት፣ በአትክልቱ ቦታ፣ ሰይፍ መዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ጆሮ የቆረጠው እሱ ነው። ሰይፍና ጎመድ የያዘ ጭፍራ ያላስደነገጠውን ሰው በር የምትጠብቅ ገረድ አስደነገጠችው። ውድቀት እንዲህ ነው። በተዘጋጀንበት በር አይመጣም። እዚያ "ከማን ወገን ነህ?" በሚል ተራ ጨዋታ ላይ ነው የሚይዘን።

ከዚያ ምዕራፍ 21። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠምዱ አድረው ምንም አልያዙም። ሲነጋ ጌታ ባሕሩ ዳር ቆሟል። ወደ ምድር ሲወጡ ፍም ተቀጣጥሎ፣ ዓሣ በላዩ ሆኖ፣ እንጀራም ተቀምጦ አገኙ። ዮሐንስ በወንጌሉ የፍም እሳት የሚያነሳው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ጴጥሮስ ያንን ሽታ ሲሸተው ምን እንደተሰማው አስቡት። የሚጠብቀው ወቀሳ ነው። የመጣለት ቁርስ ነው። ኑ፣ ብሉ ተባሉ። ጥያቄው የመጣው ከበሉ በኋላ ነው። ጥያቄው ራሱም "ለምን ካድከኝ?" አይደለም። "ትወደኛለህን?" ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመውደቁ በፊት ጴጥሮስ ራሱን ከሰው ያወዳድር ነበር። ሁሉም ቢሰናከሉ እኔ ከቶ አልሰናከልም ብሎ ነበር። ጌታም ባሕሩ ዳር መጀመሪያ ሲጠይቀው ያንኑ አነሳበት። "ከእነዚህ ይልቅ ትወደኛለህን?" አለው። ጴጥሮስ ሲመልስ ግን "ከእነዚህ ይልቅ" የምትለውን አላነሳትም። እንድወድህ አንተ ታውቃለህ ብሎ ዝም። ስለ ሌሎቹ ፍቅር ልክ የሚናገርበት አፍ አልነበረውም። ስለራሱ ልብ እንኳ ምስክር ያደረገው ጌታን ነው።

አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ፈቃዱን ጠይቄ ነው የምጽፈው። የመንዝ ልጅ ነው። በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ለምኖ የተማረ የቆሎ ተማሪ ነበር። ዳዊት ደገመ፣ ዜማ ቀጸለ፣ ዲቁና ተቀበለ። ድምፁን ብትሰሙት! "ተንሥኡ ለጸሎት" ሲል የተኛ ይነሳል። እናቱ ገበያ ወጥታ ልጄ ዲያቆን ነው ያላለችው ሰው የለም።

ከተማ ገብቶ እያገለገለ ሳለ ወደቀ። ዝርዝሩ አያስፈልግም፤ የሃያ ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚወድቅ ሁላችንም እናውቃለን። ዲቁናው ፈረሰ። ይሄን ሕግ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዲያቆን ከጋብቻ በፊት ድንግልናውን ካጣ ክህነቱ ይፈርሳል። ንስሐ ቢገባ ኃጢአቱ ይሰረይለታል፣ ይቆርባል፣ ገነት ይገባል። መቅደስ ውስጥ ገብቶ መቀደስ ግን ከእንግዲህ የለም።

እሱ ያደረገው ምንድን ነው? ለማንም አልተናገረም። ጉሮሮዬን አሞኛል ብሎ ቀረ። ከዚያ አዲስ አበባ ወርዶ ቀን ሥራ ገባ፣ ሲሚንቶ ተሸከመ፣ ቆይቶ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ፋሲካ መጣ ሄደ፣ መንዝ አልሄደም። እናቱ ስትደውል ሥራ በዛብኝ ይላል። ወደ ደብረ ብርሃን ከተመለሰ በኋላም የሚከብደው ሌሊቱ እንደነበር ነግሮኛል። ሊነጋጋ ሲል ሞንታርቦው ይከፈታል። የሌላ ዲያቆን ድምፅ "ተንሥኡ" ይላል። እሱ ብርድ ልብሱን በጭንቅላቱ ላይ ይስባል። ቀን ላይ ደግሞ ወደ ሥራው የሚሄድበት መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ስለሚያልፍ ዞሮ ይሄድ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ነፍስ አባት አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ልማዳችን ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ነፍስ አባት የቤት ሰው ነው። ዝክር ሲኖር ይመጣል፣ ጠበል ጠዲቁን ይባርካል፣ ጠላውን ይቀምሳል፣ ልጆቹን በስም ያውቃል። ፍቅሩ መልካም ነው። ግን እናቴ ፊት ተቀምጠው ዳቦ ለሚቆርሱት አባት "እንዲህ ሆንኩ" ማለት ለወጣት ልጅ ቀላል አይደለም። እሳቸውም ብዙ ጊዜ አይጠይቁም። "እንዴት ነህ ልጄ?" "ደህና ነኝ አባቴ፣ ይፍቱኝ።" "እግዚአብሔር ይፍታህ።" መስቀል ተሳልሞ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ስንቱ ሰው የሚያውቁትን አባት ትቶ ሩቅ ገዳም ሄዶ የማያውቁት መነኩሴ እግር ሥር የሚወድቀው ለዚህ ነው። ደብረ ሊባኖስ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ጻድቃኔ ማርያም የሚጎርፈው ሕዝብ ሁሉ ለጸበሉ ብቻ የመጣ አይምሰላችሁ።

ጓደኛዬም ጻድቃኔ ማርያም ሄደ። ሰላ ድንጋይ አካባቢ ያለችዋ ናት። አንድ አረጋዊ መነኩሴ አገኘ። ሁሉንም ዘርግፎ ተናገረ። አባ አላቋረጡትም። ከዚያ ቀኖና ሰጡት፤ ጾም፣ ስግደት፣ ዳዊት። እሱ አነሰበት። "አባቴ፣ የእኔ ኃጢአት ከባድ ነው፣ ይጨምሩልኝ" አለ።

"ይበቃሃል" አሉት። "አሁን ቀኑን ንገረኝ።"

"የምኑን ቀን?"

"የምትቆርብበትን።"

ዝም አለ። አባ ግን አለቀቁትም። ስግደቱን መቼ ትጨርሳለህ አላሉትም፤ የቁርባኑን ቀን ግን እዚያው አስቆረጡት። ይሄን ሲነግረኝ ሳቅ እያለ ነው፤ ያኔ ግን ላብ አጥምቆት ነበር አለኝ። ስግደት ቢሆን ኖሮ ሺህም ይሰግድ ነበር። ቀን መቁረጥ ግን ከበደው።

እኔ ብዙ ሰው ቀኖናን እንደ ትራፊክ ቅጣት የሚያየው ይመስለኛል። ጥፋት አለ፣ ተመን አለው፣ ከፍለህ ደረሰኝህን ይዘህ ትወጣለህ። ከከፈልክ በኋላ ከትራፊኩ ጋር ምንም ዓይነት ዝምድና አይኖርህም፣ እንዲኖርህም አትፈልግም። ቀኖና ግን የተሰጠው ሰውየው ድኖ ወደ ማዕዱ እንዲጠጋ ነው። ሰግደን ሰግደን ማዕዱ ጋ ካልደረስን መንገድ ላይ ቀርተናል።

ወደ መንዝ ሄዶ ለእናቱም ነገራት። አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣች። የተቆጣችው ግን እሱ በጠበቀው ነገር አይደለም። "ዲቁናው ቢፈርስ፣ የእኔ እናትነት አብሮ ፈረሰ እንዴ? ስንት ፋሲካ ነው ብቻዬን ያስፈሰክኸኝ?" አለችው። ኃጢአቱን በአንድ ቀን ልቅሶ ተወችው። መቅረቱን ግን እስካሁን አልረሳችለትም፤ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ታነሳበታለች።

የዚህ አገር ሰው ፍርድ ይቀናዋል። ከተማችን ራሷ እንዴት እንደተቆረቆረች አስታውሱ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው ያቆማት። በዜና መዋዕሉ እንደተጻፈው ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት በድንጋይ አስወገራቸው፤ ከዚያ በኋላ በዚሁ ቦታ ከሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡም ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ቦታውን ደብረ ብርሃን አለው። የሚገርመው ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረገውም ይኸው ንጉሥ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በላዔ ሰብእ አለ። 78 ሰው የበላው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነው። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ሲነገር ያልሰማ የለም። ድንጋዩንም ጥርኝ ውኃውንም ከአንድ ቤት ነው የወረስናቸው። ለሌላው ሲሆን ድንጋዩ፣ ለራሳችን ሲሆንም ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ነው የሚቀለን።

ስለ ቁርባን ስናወራ ሁላችንም የምናውቀውን እንነጋገር። ነጭ ለብሰው የሚቆርቡት እነማን ናቸው? ሕፃናትና አረጋውያን። በመሃል ያለው ትውልድ የለም። ገና ነን፣ ስናረጅ እንደርሳለን ይባላል። አንድ የማውቀው ሰውዬ "ቆርቤ ብወድቅስ?" ብሎ ጠየቀኝ። የልቡን ነው የተናገረው። ንጹሕ ስሆን እመጣለሁ ነው ነገሩ። ግን ቅዳሴውን ልብ ብላችሁ ስሙት። ካህኑ "ቅድሳት ለቅዱሳን" ይላል። የተቀደሰው ለተቀደሱት ነው ማለቱ ነው። እዚህ ጋ ሁላችንም ተሹለክልከን መውጣት ነበረብን። ሕዝቡ ግን ምን ብሎ ይመልሳል? አንዱ ቅዱስ አብ ነው፣ አንዱ ቅዱስ ወልድ ነው፣ አንዱ ቅዱስ መንፈስ ቅዱስ ነው። ማንም "እኔ ቅዱስ ነኝ" አይልም። የሚቆርበው ሰው ይሄን ብሎ ነው የሚጠጋው። ከዚያ ደግሞ "እግዚኦ መሐረነ" ይላል። ንስሐ ግቡ፣ ተዘጋጁ የሚለው እንዳለ ሆኖ፣ የሚያስጠጋን የእኛ ንጽሕና ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ምልልስ ባላስፈለገ።

"ብወድቅስ?" ላለኝ ሰውዬ የነገርኩት የአንጾኪያውን ታሪክ ነው። ጴጥሮስ ባሕሩ ዳር ከተመለሰ በኋላ፣ በዓለ ሃምሳ ካለፈ በኋላ፣ ሦስት ሺህ ሰው በስብከቱ ካመነ በኋላ እንደገና ፈርቷል። ከአሕዛብ ጋር ይበላ የነበረ ሰው፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ሸሸ። ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃወመው፤ ገላትያ ምዕራፍ 2 ላይ ተጽፏል። የሸሸው ከምንድን ነው? አሁንም ከማዕድ። ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ምን አደረገች? የገሠጸውንና የተገሠጸውን አንድ ላይ አድርጋ ሐምሌ 5 ታከብራቸዋለች። የሰኔን ጾም ጾመን የምንፈስከው በሁለቱ በዓል ነው። እኔ እያንዳንዱ ሐምሌ 5 ላይ ይሄ ነገር ፈገግ ያሰኘኛል።

ስለ ድፍረት ደግሞ። ሰሜን ሸዋ ላይ ደፋር ክርስቲያን ማን ነው ቢባል ስማቸው ቶሎ የሚነሳው አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። የፍቼ ሰው፣ ደብረ ሊባኖስ ያሳደገቻቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጣልያን ጥይት ፊት ቆመው ለፋሺስት አልገዛም ያሉ። እሳቸውን ሳስብ የተሾሙበት ስም ይገርመኛል። በአንዲት ገረድ ጥያቄ የደነገጠውን ሰው ስም ነው የያዙት። በዚያ ስም መጠራት ማንንም አያሳፍርም፤ ምክንያቱም የሰውየው ታሪክ እሳቱ ዳር አላለቀም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3ን አንብቡ። ጴጥሮስ ከመቅደሱ ደጅ ውጪ ተቀምጦ የሚለምነውን ሽባ አስነሳው። ሰውየው ዘሎ ቆመና ወደ ውስጥ ገባ። ሕዝቡ ሲሰበሰብ ጴጥሮስ ምን አላቸው? ቅዱሱንና ጻድቁን ካዳችሁ አላቸው። ካዳችሁ! ይሄን ቃል እንዴት ከአፉ አወጣው? እዚያ ከቆሙት አንዱ "አንተስ?" ቢለውስ? ሌላ ሰው ቢሆን ይሄንን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ይሸሸው ነበር። እሱ ግን ተናገረው፣ ቀጥሎም ባለማወቅ እንዳደረጋችሁት አውቃለሁ ብሎ አለሰለሰው፣ ንስሐ ግቡ አለ። እንዲህ ዓይነት ንግግር ወድቆ የተነሳ ሰው ብቻ ነው የሚችለው። ያልወደቀ ይፈርዳል፣ ወድቆ ያልተነሳ ዝም ይላል።

ጓደኛዬ የቆረጠውን ቀን አከበረ። ኋላም ከአንዲት ጥሩ ልጅ ጋር በቁርባን ተጋቡ። ወደ መቅደስ አልተመለሰም፣ አይመለስምም። ግን ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ብቻ አይደለችም። ቅድስት አለ፤ እዚያ ገብቶ ይቆርባል። ቅኔ ማኅሌት አለ፤ እዚያ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ከመሪጌቶቹ ጋር ይቆማል። ያ ድምፅ ሥራ አልፈታም። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሰፈር ልጆችን ፊደልና ዳዊት ያስተምራል። መጀመሪያ ሰሞን አንዳንድ ሰው ተንሾካሾከ። አንዱ ሽማግሌማ ፊት ለፊት "ዲቁናው የፈረሰ ሰው ልጆቻችንን ያስተምር?" ብለው ነበር። እሱ "አዎ አባቴ፣ ፈርሶብኛል" አላቸው። የሚጨምሩት ነገር ጠፋቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አሁን የልጅ ልጃቸው እዚያው ይማራል።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ተንሥኡ ሲባል አሁንም ልቤ ስንጥቅ ይላል ይለኛል። እኔም ያልፋል ብዬ አልዋሸውም።

በቅርቡ አዲስ ጥያቄ መጥቷል። ልጁ 9 ዓመቱ ነው። ድምፁ የአባቱ ነው፤ ዳዊቱን በቃሉ ይወርደዋል። አስተዳዳሪው "ይሄን ልጅ ለዲቁና እናዘጋጀው" ብለው ጠየቁት። ጓደኛዬ ደስም አለው፣ ፈራም። ልጁ ከመቀበሉ በፊት የአባቱን ታሪክ ከራሱ ከአባቱ አፍ መስማት አለበት ብሎ ወስኗል። "እኔ ዝም ስላልኩ ነው ያን ያህል ዓመት የጠፋሁት። እሱ ቢወድቅ እንኳ ወዴት እንደሚመለስ ይወቅ" አለኝ። በዚህ ተስማማን። ያልተስማማነው መቼ በሚለው ላይ ነው። እኔ ልጁ ትንሽ ይደግ፣ አሁን ቢሰማ ምኑ ይገባዋል ባይ ነኝ። ሚስቱ ደግሞ "ሰፈሩ ሳይነግረው አንተ ንገረው" ትላለች። ባለፈው እቤታቸው ቡና ላይ ሦስታችን ስንከራከር አመሸን። ጓደኛዬ ወደ እሷ ሳያደላ አይቀርም።